የተቃጠለ ሞተርና የፋብሪካ ዋስትና፦ የማስረዳት ሸክም ታሪክ

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል ተረቱ። አባባሉ ስለ ምድጃ የተነገረ ቢመስልም፥ በተቃጠለ መኪና ፊት ቆሞ የእሳቱን መነሻ ለሚፈልግ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አይገኝም። የተሰበረ ጎማ ወይም የተሰነጠቀ ብረት ከአደጋው በኋላ በእጅ ይያዛል፥ ይለካል፥ ከደኅናው ጋር ይነጻጸራል። ሞተር አካባቢ የተነሣ እሳት ግን አስቀድሞ የሚበላው የተነሣበትን ነገር ነው፤ ልባሱ የተላጠውን ሽቦ፥ ያፈሰሰውን የጎማ ቱቦ፥ የላላውን ማሰሪያ።

ለቃጠሎ የሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ በአንድ ክዳን ሥር ተሰብስበው የሚገኙበት ቦታ ቢኖር የመኪና ሞተር ክፍል ነው። በግፊት የሚጓዝ ቤንዚን፥ የሞተር ዘይት፥ የፍሬን ዘይት፥ ፕላስቲክና ጎማ በአንድ ወገን፤ በብዙ መቶ ዲግሪ የጋለ የጭስ ማስወጫ ቱቦና ቁልፉ ከተነቀለም በኋላ ኃይሉ የማይቋረጥ ባትሪ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። እነዚህን የሚለያያቸው የሠሪው ጥንቃቄ ብቻ ነው። እንግዲህ የዋስትናው ጊዜ ገና ያላለፈ መኪና ቢቃጠል የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው? የጋራዡ ነው? ወይስ የባለቤቱ? ማስረጃው አመድ ሆኖ ሳለ ይህን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀውስ በማን ላይ ነው? የፋብሪካ ዋስትና ታሪክ በአብዛኛው ይህ ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው የተዛወረበት ታሪክ ነው።

ከእንጨት መንኮራኩር ጀምሮ

በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝና የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የያዙት መሠረተ ሐሳብ፥ ሠሪ ተጠያቂ የሚሆነው ውል ለተዋዋለው ሰው ብቻ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 በእንግሊዝ አገር የተወሰነው የዊንተርቦተምና የራይት ክርክር የዚህ ምሳሌ ሲሆን፥ ተበላሽቶ በነበረ የፖስታ ሠረገላ የተጎዳው ነጂ ከሠረገላው አቅራቢ ጋር ውል ስላልነበረው ካሣ ሳያገኝ ቀርቷል። አውቶሞቢል በተፈለሰፈ ጊዜ ይህ አስተሳሰብ ለፋብሪካዎች ምቹ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ፋብሪካው የሚሸጠው ለነጋዴ፥ ነጋዴው ለገዢ ስለነበረ፥ በፋብሪካውና በገዢው መካከል ውል የለም ይባል ነበር።

ይህን ግድግዳ የነደለው በኒውዮርክ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1916 የተሰጠው የማክፈርሰንና የቢውክ ሞተር ኩባንያ ፍርድ ነው። የመኪናው አንደኛው መንኮራኩር ከደካማ እንጨት የተሠራ በመሆኑ ተሰባብሮ ባለቤቱን ጎድቶት ነበር። መንኮራኩሩን የሠራው ቢውክ ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ ነው፤ ነገር ግን ተገቢ ምርመራ ቢደረግ ኖሮ ጉድለቱ ሊገኝ ይችል እንደነበር ተረጋገጠ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ፥ በቸልታ ቢሠራ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ዕቃ የሚያወጣ ፋብሪካ፥ ውል ቢኖርም ባይኖርም በጥንቃቄ የመሥራት ግዴታ አለበት ሲሉ ወሰኑ። ይሁን እንጂ ተጎጂው የፋብሪካውን ቸልታ ማስረዳት ነበረበት። የመንኮራኩሩ ስባሪ እንጨት በእጅ ስለነበረ ይህ ተችሏል። ዕቃው የጠፋ እንደሆነ ግን ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም ነበር።

ዘጠና ቀን ወይም አራት ሺህ ማይል

ከዚህ በኋላ የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች በማኅበራቸው አማካይነት አንድ ዓይነት የዋስትና ጽሑፍ አዘጋጁ። በዚህም መሠረት ፋብሪካው በ90 ቀን ወይም በ4,000 ማይል ውስጥ (ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል) ጉድለት የተገኘበትን ክፍል ለመተካት ቃል ይገባል፤ ክፍሉ ወደ ፋብሪካው ተልኮ ጉድለት ያለበት መሆኑ በራሱ በፋብሪካው ምርመራ መረጋገጥ ነበረበት። ከዚህ ውጭ የሆነ ማናቸውም ዋስትና በግልጽም ሆነ በዝምታ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ጽሑፉ ስሙ ዋስትና ይሁን እንጂ፥ ሥራው ከሽያጭ ባሕርይ የሚመነጨውን የቆየ ዋስትና ማስቀረት ነበር። በተለይ ለተቃጠለ ሞተር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ወደ ፋብሪካ የሚላክ ክፍል ከሌለ ዋስትናም የለም ማለት ነው።

ይህ ውል የተፈተነው በእሳት ሳይሆን በግጭት ነው፤ ሆኖም ነጥቡ ያው ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 7 ቀን 1955 በኒውጀርሲ ክላውስ ሄኒንግሰን የተባለ ሰው አዲስ ፕሊመዝ መኪና ገዛ። በ12ኛው ቀን ሚስቱ ስትነዳ ከፊት በኩል ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ መሪው ከእጅዋ ወጥቶ ተሽከረከረና መኪናው ከግንብ ጋር ተጋጨ። የተጓዘው 468 ማይል ብቻ ነበር። የፊቱ ክፍል ክፉኛ ስለ ተጨፈለቀ፥ የመሪው መሣሪያ ከግጭቱ በፊት ጉድለት እንደነበረበት ለማወቅ የሚቻልበት መንገድ አልተገኘም። የኢንሹራንሱ መርማሪ ግን ከመሪው እስከ ፊት ጎማዎች ባለው መሣሪያ አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ከልምዱ መሰከረ። የፋብሪካውን ቸልታ የሚያስረዳ ማስረጃ ባለመኖሩ ያ ክስ ወደቀ፤ የዋስትናው ክስ ግን ጸና። የኒውጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1960 በሰጠው ፍርድ፥ ገዢው ሊደራደርበት በማይችለው በደቃቅ ፊደል የታተመ ውል ዋስትናን ማስቀረት የሕዝብን ጥቅም የሚቃረን ነው ሲል ሻረው። ዋስትናውም ከነጋዴው አልፎ ፋብሪካውን እንደሚያስገድድ፥ ከገዢውም አልፎ ሚስቱን እንደሚጠብቅ አረጋገጠ። በአዲስነቱ የተበላሸ መኪና መበላሸቱ ራሱ እንደ ማስረጃ ሊመዘን ቻለ።

በዚያው ሳምንት በአዲስ አበባ

የኒውጀርሲው ፍርድ ከመሰጠቱ ከአራት ቀን በፊት፥ ማለትም ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአዋጅ ቁጥር 165 ወጥቶ ነበር። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀው ይህ ሕግ በሽያጭ ክፍሉ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ መሆኑን ሲደነግግ፥ በአንቀጽ 2085 ደግሞ ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፥ ዕቃው በተለመደው አኳኋን አገልግሎት ላይ ውሎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይገልጻል። ከዚህ ኃላፊነት የሚድነው ጉድለቱ በተለመደው ዓይነት ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ እንደሆነ ነው። አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ በፍርድ ቤት ክርክር የደረሰችበትን ሐሳብ ኢትዮጵያ በአንድ አንቀጽ አሰፈረችው። ነገር ግን «በተለመደው አኳኋን አገልግሎት ላይ ውሎ» የሚለው ሐረግ ባለሙያ ይፈልጋል። ከተቃጠለ ሞተር ላይ ይህን ለዳኛ የሚያስረዳው መሐንዲሱ ነውና።

ከአንድ መኪና ወደ ብዙ መኪና

ከ1960ዎቹ ወዲህ የታየው ታላቅ ለውጥ፥ ማስረጃው ከአንድ መኪና ፍርስራሽ ወደ ብዙ መኪናዎች መዝገብ መሸጋገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 የወጣው የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ፋብሪካዎች አደገኛ ጉድለት ሲገኝ ለባለቤቶች እንዲያስታውቁ አስገደደ። በ1974 የተደረገው ማሻሻያ ጥገናው በነጻ እንዲሆን አዘዘ። ይህም ግዴታ ከፋብሪካው ዋስትና ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ዋስትናው ካለፈም በኋላ ይሠራል። የነጻ ጥገናው ዘመን መጀመሪያ 8 ዓመት ሲሆን በ2000 ወደ 10፥ በ2015 ደግሞ ወደ 15 ዓመት ከፍ ብሏል። በ1975 የጸናው የማግነሰንና የሞስ የዋስትና ሕግም፥ የጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ፋብሪካ ከሽያጩ የሚመነጨውን ዋስትና ጨርሶ እንዳያስቀር ከለከለ፤ መለዋወጫ ወይም ጥገና ከፋብሪካው ብቻ ካልተገዛ ዋስትናው ይፈርሳል ማለትንም አገደ።

ይልቁንም ወሳኙ እ.ኤ.አ. የ2000 ሕግ ነው። ፋብሪካዎች ከባለቤቶች የሚደርሳቸውን ቅሬታና የዋስትና ጥያቄ ብዛት በየክፍሉ ለይተው፥ እሳትን ጨምሮ፥ ለመንግሥት እንዲያስታውቁ ታዘዙ። ቀድሞ የፋብሪካው መከላከያ የነበረው የዋስትና ወረቀት ከዚህ ወዲህ በፋብሪካው ላይ የሚመሰክር መዝገብ ሆነ።

በቆመ መኪና ላይ የሚነሣ እሳት

የዚህን አሠራር ጥቅም ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ በፎርድ መኪናዎች ላይ የደረሰው ነው። ፍጥነትን በራሱ ጠብቆ የሚያስኬደው መሣሪያ ፍሬን ሲረገጥ እንዲቋረጥ የሚያደርግ አንዲት ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ተተክላ ነበር። በአንድ ወገንዋ የፍሬን ዘይት፥ በሌላው ወገንዋ የኤሌክትሪክ መገናኛ አለ፤ የሚለያቸው ካፕቶን ከሚባል ቁስ የተሠራ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ሲሰነጠቅ ዘይቱ ወደ መገናኛው ይገባል፤ ብረቱ ይዝጋል፥ ኤሌክትሪክ በማይገባው መንገድ ያልፋል፥ ሙቀት ይፈጠራል፥ በመጨረሻም ይቀጣጠላል። ማብሪያዋ ከባትሪው ጋር ዘወትር የተገናኘች ስለነበረች፥ እሳቱ ሞተሩ ጠፍቶ በቆመ መኪና ላይም ይነሣ ነበር።

መኪናው በቆመበት ቢቃጠል ባለቤቱን ማን ያምነዋል? ከአንድ የተቃጠለ መኪና ላይ የቀለጠችውን ማብሪያ ፈልጎ ማግኘት አዳጋች ነው። ምክንያቱ የታወቀው የብዙ ቃጠሎዎች መነሻ ከአንድ ስፍራ መሆኑ በመታየቱና ያልተቃጠሉ ማብሪያዎች ተሰብስበው በመመርመራቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2009 ድረስ በተከታታይ ጥሪ ከ14 ሚሊዮን በላይ መኪናዎች ለጥገና ተጠሩ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ በመስመሩ ላይ ፊውዝ ያለበት ሽቦ መጨመር።

ከኮሪያ የተገኘ ትምህርት

ሁለተኛው ምሳሌ የህዩንዳይና የኪያ ሞተሮች ናቸው። ክራንክሻፍት ሲፈለፈል የቀረ የብረት ፍርፋሪ የዘይቱን መንገድ በመዝጋቱ የቢየላው ቡሽ ይበላል፤ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ሲበሳ የሚፈሰው ትኩስ ዘይት በጋለ የጭስ ቱቦ ላይ ወድቆ ሊቀጣጠል ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በአሜሪካ 470 ሺህ ያህል፥ በ2017 ደግሞ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎች ተጠሩ። ሆኖም ጥሪው ዘግይቷል፥ ጠብቧልም ብሎ በ2016 ለአሜሪካ መንግሥት ያመለከተ የራሱ የፋብሪካው መሐንዲስ ነበር። ኪም ጓንግ ሆ የተባለው ይህ ባለሙያ ከ20 ዓመት በላይ በኩባንያው አገልግሏል። ኩባንያዎቹ በ2020 በአንድነት 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ተቀበሉ፤ መሐንዲሱም በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ተሰጠው። በ2019 ይፋ በሆነው ስምምነት ፋብሪካዎቹ ለሞተሩ ዋና አካል የዕድሜ ልክ ዋስትና ሰጡ፤ የቡሹን መበላት ከንዝረቱ አውቆ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም ተጨመረ። ምስክሩ ከመቃጠሉ በፊት እንዲናገር ተደረገ ማለት ነው።

በዚያው በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በርካታ ቢ.ኤም.ደብልዩ መኪናዎች በመንገድ ላይ ተቃጠሉ። ከጭስ ማቀዝቀዣው የሚያፈሰው ፈሳሽ ከጥላሸት ጋር ተደባልቆ በጋለው ጭስ እየተቀጣጠለ የፕላስቲኩን የአየር ማስገቢያ ያቃጥል ነበር። ከ100 ሺህ በላይ መኪናዎች ተጠሩ፤ ያልተመረመሩት እንዳይነዱ መንግሥት አዘዘ። አስቀድሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ በሥራ ላይ የዋለው የኮሪያ ሕግ፥ ተጎጂው ዕቃውን በተለመደው አኳኋን ሲጠቀም መጎዳቱን፥ ጉዳቱ ከሠሪው ቁጥጥር ሥር ካለ ምክንያት መነሣቱንና ያለጉድለት እንዲህ ያለ ጉዳት የማይደርስ መሆኑን ካስረዳ፥ ጉድለት እንደነበረ እንዲገመት ደንግጎ ነበር። ሠሪው ሌላ ምክንያት መኖሩን ማስረዳት የእርሱ ፋንታ ሆነ። ከ1842 ጀምሮ በተጎጂው ትከሻ ላይ የነበረው ሸክም በዚህ ሕግ ቦታውን ለውጧል።

ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው

ሕግ ሸክሙን ቢያዛውርም አመዱን ወደ ሽቦ አይመልሰውም። ስለዚህ በዋስትና ላይ ያለ መኪና ሲቃጠል የመጀመሪያው ተግባር ፍርስራሹን እንዳለ ማቆየት ነው። ኢንሹራንሱ ካሣውን ከፍሎ ቁርጥራጩን ለብረት ነጋዴ ከሸጠው፥ የዋስትናው ጥያቄ በዚያው ያበቃል። ሁለተኛው፥ ጉዳዩን ለሻጩና ለፋብሪካው ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማስታወቅና አንዱ ወገን ሌላው በሌለበት ሞተሩን እንዳይፈታ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የዘይት ለውጥና የጥገና ወረቀቶችን መሰብሰብ ነው፤ የባለቤቱ ቸልታ የፋብሪካው ተዘውታሪ መከላከያ ነውና። አራተኛው ቃጠሎው የበረታበትን ስፍራ መነሻው ነው ብሎ አለመቸኮልና ተመሳሳይ ያልተቃጠለ መኪና አጠገቡ አቁሞ ክፍል በክፍል ማነጻጸር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የእሳት ምርመራ መመሪያ፥ ቁጥር 921፥ ምክንያቱ በማስረጃ ካልጸና «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ተገቢ መሆኑን ይደግፋል። ይህ ለሙያው ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያላዩትን መመስከር ነው።

ሄኒንግሰን መኪናውን በገዛ በ12ኛው ቀን የተሰበረበትን ምክንያት ማንም በእርግጥ ሊያውቅ አልቻለም፤ የፎርድን ማብሪያ ምስጢር የገለጡት ግን ያልተቃጠሉት ማብሪያዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመዝገብ መኖርና አለመኖር ነው። ጋራዥ የሚያስተዳድር፥ የመሥሪያ ቤት መኪናዎችን የሚቆጣጠር፥ ወይም ለመድን ድርጅት የሚመረምር መሐንዲስ ሁሉ በየዕለቱ የሚሞላው የጥገና ካርድ ተራ ወረቀት መስሎ ይታየው ይሆናል። እሳት ካየው በኋላ ግን የሚለየው እርሱ ብቻ ነው።