የሬዲዮ እንግሊዝኛና የንግግር ችሎታ ጥያቄ

የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ በሆነበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ እምነት ሥር ሰድዶ ይገኛል። ይኸውም፣ ባለሙያ የሙያውን ቃላትና የተለመዱትን ሐረጎች እስከ ያዘ ድረስ በስብሰባም ሆነ በገለጻ ጊዜ ከዚያ ያለፈ የንግግር ችሎታ አያስፈልገውም የሚል ነው። ይህ እምነት ከሌሎች ሙያዎች ሁሉ ይልቅ በጥብቅ የተፈተነው በአይሮፕላን ሬዲዮ ላይ ሲሆን፣ የፈተናው ውጤት በምርመራ ሰነዶች ተመዝግቦ ስለሚገኝ ታሪኩን መለስ ብሎ መመልከት ለማናቸውም ባለሙያ ይጠቅማል።

ኢትዮጵያም በተካፈለችበትና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1944 በተፈጸመው የቺካጎ ጉባኤ የሲቪል አቪዬሽን ውል ተፈረመ። ከዚህ ውል የተወለደው የዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መቀመጫውን በሞንትሪያል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1947 ተቋቋመ። ድርጅቱ እንግሊዝኛን ለሬዲዮ መነጋገሪያ ሲያቀርብ ለሁሉ የሚበጅ የተሻለ የአነጋገር ዘዴ እስኪገኝ ድረስ በሚል ነበር። የተሻለው ዘዴ ግን ሳይገኝ ቀረ፤ ጊዜያዊውም ዘላቂ ሆነ። በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ሥራ የጀመረ በመሆኑ እንግሊዝኛ ከጅምሩ የሥራ ቋንቋው ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድካም ቋንቋውን ማጥበብ ነበር። በሚንጫጫ ሬዲዮ «ቢ»፣ «ዲ»ና «ፒ» የሚባሉት ፊደላት ስለማይለዩ እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራ ላይ በዋለው የፊደል አጠራር «ብራቮ»፣ «ዴልታ»ና «ፓፓ» ተባሉ። አምስት ቁጥር «ፋይፍ»፣ ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ «ናይነር» እንዲባሉ ተደረገ። የዘወትር ትእዛዞችም በተወሰኑ ሐረጎች ተዘጋጁ። ለመሐንዲስ ይህ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ቋንቋን እንደ ብሎንና ዳዶ በልክ ማበጀት ይመስላልና። በእርግጥም ነገር ሁሉ እንደታሰበው በሚሄድበት ቀን ሐረጎቹ ሥራቸውን በሚገባ ያከናውናሉ።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ግን እንደታሰበው የሄደ ቀን አልነበረም። በካናሪ ደሴቶች በላስ ፓልማስ አይሮፕላን ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ በርካታ አይሮፕላኖች ወደ ጎረቤቷ ደሴት ወደ ቴኔሪፍ ተዛወሩ። የሎስ ሮዴዎስ ማረፊያ መንደርደሪያው አንድ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ከባድ ጭጋግ ወረደበት። የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. አይሮፕላን በመንደርደሪያው ጫፍ ለመነሣት ሲዘጋጅ የአሜሪካው ፓን አም በዚያው መንደርደሪያ ላይ ገና በመጓዝ ላይ ነበር። ተቆጣጣሪው ለሆላንዱ አይሮፕላን ከተነሣ በኋላ የሚከተለውን መሥመር ነገረው፤ እንዲነሣ ግን አልፈቀደለትም። ረዳት አብራሪው የተነገረውን ደግሞ ካበቃ በኋላ «ዊ አር ናው አት ቴክኦፍ» የሚል ቃል አከለ።

ተቆጣጣሪው ይህን የተረዳው «መነሻው ላይ ቆመን እንጠብቃለን» ብሎ ነው፤ አይሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የሆላንድ ቋንቋ በመፈጸም ላይ ያለን ድርጊት የሚገልጸው በዚህ ዓይነት መስተዋድድ ስለሆነ ረዳት አብራሪው የገዛ ቋንቋውን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ቃላት ሳይናገር አልቀረም። አማርኛ ተናጋሪም «በመነሣት ላይ ነን» ስለሚል ከዚሁ ወጥመድ የራቀ አይደለም። ተቆጣጣሪው በመጀመሪያ «ኦኬ» ብሎ መለሰ፤ ጥቂት ቆይቶም ለመነሣት እንዲጠባበቁና እስኪጠራቸው እንዲቆዩ ተናገረ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም መንደርደሪያውን አለመልቀቁን ለማሳወቅ በመናገሩ ድምፆቹ ተደራረቡ፤ ለሆላንዱ አብራሪዎች በግልጽ የተሰማው «ኦኬ» የምትለው ቃል ብቻ ሆነች። የእኛው «እሺ» ሰምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ፣ ወይም አደርገዋለሁ እንደሚባልበት ሁሉ፣ «ኦኬ»ም ለሰሚው የፈለገውን ትርጉም የሚሰጥ ቃል ነው። በአደጋው 583 ሰዎች ሞቱ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ መጫን አይገባም። የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አይሮፕላን መንደርደሪያውን አልለቀቀም እንዴ ብሎ በገዛ ቋንቋቸው ጠይቆ ነበር፤ አለቃው ለቅቋል ብሎ አስረግጦ ሲመልስለት መሐንዲሱ ነገሩን አልገፋበትም።

ከአደጋው በኋላ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ፈቃዱ በሚሰጥበት ጊዜ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» እንዲባል ተወሰነ። ዋና ዋና መመሪያዎችም በ«ኦኬ» ብቻ ከመመለስ ይልቅ ቃላቸው እንዲደገም ጥብቅ ሆነ። መፍትሔው እንደገና ሐረግ ማስተካከል መሆኑ ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የደረሰው የኒው ዮርክ አደጋ የዚህን መፍትሔ ወሰን አሳየ። ከኮሎምቢያ የተነሣው የአቪያንካ ቦይንግ 707 በአየሩ ጠባይ ምክንያት ሦስት ጊዜ በአየር ላይ እንዲቆይ ታዝዞ በጠቅላላው 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያህል ዞረ። ከመሬት ጋር የሚነጋገረው ረዳት አብራሪው ነበር። «ፕራዮሪቲ» እንደሚፈልጉ ተናገረ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ አለቃው አስቸኳይ አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲያሳውቅ በስፓኒሽ አዘዘው። እርሱም ለተቆጣጣሪው የተሰጠውን አቅጣጫ ከደገመ በኋላ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን በዚያው ዐረፍተ ነገር ጫፍ ጣል አደረገ። «ኢመርጀንሲ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልተነገረም። አይሮፕላኑ ነዳጁ አልቆ በሎንግ አይላንድ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

የረዳት አብራሪው እንግሊዝኛ ደካማ አልነበረም፤ ሰዋስውም ቃላትም ነበሩት። የጎደለው ነገሩን የሚመጥን አነጋገር፣ የሰሚውን መረዳት መልሶ የሚያረጋግጥ ጥያቄና እምቢ ለማለት የሚያስችል ድፍረት ነው። ረጅም ጉዞ አድርጎ የመጣ አይሮፕላን ሁሉ ነዳጁ ቀንሶ ስለሚደርስ፣ ነገሩ ጎልቶ እስካልተነገረው ድረስ ተቆጣጣሪው እንደ ተራ ወሬ ሊያልፈው ይችላል። በይሉኝታ ላደገ ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በባዕድ ቋንቋ በሚካሄድ ስብሰባ ላይ ከባዱን ችግር በገለጻው መጨረሻ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማንሣት በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ልማድ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1996 ደግሞ በሕንድ ቻርኪ ዳድሪ ላይ የሳዑዲና የካዛክስታን አይሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው 349 ሰዎች አለቁ። ምርመራው የካዛኩ አይሮፕላን ከተፈቀደለት ከፍታ በታች መውረዱን፣ ለዚህም የሠራተኞቹ የእንግሊዝኛ እውቀት ማነስ ድርሻ እንደነበረው ገለጸ።

የሲቪል አቪዬሽን ድርጅቱ ጉዳዩን በይፋ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ አዲሱን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2003 አጸደቀ። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከማርች 2008 ጀምሮ እንዲጸና ቢወሰንም ብዙ አገሮች ባለመዘጋጀታቸው እስከ 2011 ድረስ ፋታ ተሰጠ። መለኪያው ስድስት ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ 4ኛው ያስፈልጋል። የሚመዘኑት አነባበብ፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ የንግግር ፍሰት፣ የመረዳት ችሎታና ምልልስ ናቸው። የመጨረሻው ውጤት የስድስቱ አማካይ ሳይሆን ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው፤ በአምስቱ ያማረ ተናጋሪ ምልልስ ካቃተው ያልፋል አይባልም።

ደረጃው ከተናጋሪው የሚጠብቀውን በቅርብ ላየ ሰው የሚያስገርመው ነገር አለ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቃና መሰማቱ አያስወድቅም፤ ሰሚው እንዳይረዳ ሲያደርግ ብቻ ነው የሚያስነቅፈው። ባልተጠበቀ ሁኔታ ቃሉ ቢጠፋ በሌላ ቃል ዞሮ ማስረዳት እንደ ችሎታ ይቆጠራል። አለመግባባት ሲፈጠር መጠየቅ፣ ማረጋገጥና ማብራራትም ከምልልስ መመዘኛዎቹ ውስጥ ተመድቧል። በየትምህርት ቤቱ ለረጅም ዘመን እንደ ድክመት ይታዩ የነበሩት «አልገባኝም» እና «ይድገሙልኝ» በዚህ መለኪያ ነጥብ ያስገኛሉ።

ግዴታውም የእንግሊዝኛ ባዕዳን ብቻ አይደለም። በ4ኛ ደረጃ ያለው በየሦስት ዓመቱ፣ በ5ኛው ያለው በየስድስት ዓመቱ ሲፈተን፣ አብዛኛው የቋንቋው ተወላጅ የሚመደብበት 6ኛው ደረጃ ዳግመኛ አይፈተንም። ነገር ግን ተወላጁም ፈሊጥና የሠፈር አነጋገር እንዲተው፣ በደቂቃ ከ100 ቃላት እንዳያልፍና የሰሚውን መረዳት እንዲከታተል ይጠበቅበታል።