እንጀራው በምን ተጋገረ?

አዲስ አበባን የቆረቆሩት ምኒልክና ጣይቱ ናቸው እያልን አድገናል። ልክ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ተወረደ፣ ከተማም ተባለ። ነገር ግን ሲግናል ዳር ቆሞ ወደ የካ ተራራ ሽቅብ የሚያይ ተማሪ ሌላ ጥያቄ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፦ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ከዚያ ወዲህ እንጀራውን በምን ጋገረ?

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች በዙሪያዋ የነበረውን ጥድና ወይራ ማግዳ ጨረሰችው። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። እስቲ አስቡት! መዲናችን በጦር ሳይሆን በማገዶ እጦት ልትፈታ ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። መኳንንቱም ገንዘብ መሆኑ ገብቷቸው መሬታቸውን ባሕር ዛፍ አለበሱት። በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ምንጭ ያደርቃል ተብሎ፣ ከሦስት ሁለቱ እጅ ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ ይተከል የሚል ትእዛዝ ወጥቶም ነበር። ግን ማን ይንቀለው? ምጣዱ አያስነቅልማ!

መቼም ዛፉ ራሱ ተራምዶ ከምድጃ አይደርስም። መጻሕፍቱ ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ጫካ ይወጣሉ፤ ቅጠልና ጭራሮ ይለቅማሉ፤ በገመድ ጠፍረው ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም ጀርባቸው ላይ ያስራሉ፤ ወገባቸው እጥፍ ብሎ፣ መሬት መሬት እያዩ ቁልቁል ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ሲደክማቸው አይቀመጡም፤ የተቀመጠ በምን ይነሳል? ግንብ ፈልገው ሸክሙን ደገፍ አድርገው፣ ቆመው ይተነፍሳሉ።

ቅጠሉን የናቀ ሰው እንጀራ ጋግሮ አያውቅም። ምጣድ የሚፈልገው ቦግ የሚል፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚደርስ እሳት ነው። ከሰል ለወጥና ለቡና እንጂ ለዚህ አይሆንም። ስለዚህ ምግብ ቤት ገብተን «ተጋቢኖ!» ብለን ስናዝ፣ ሽሮው በቡታጋዝ ቢንተከተክም እንጀራው ለብዙ ዘመን የቅጠል ልጅ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ የገባው ኋላ ነው፤ ያውም መብራት እስኪጠፋ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የመኳንንቱ ባሕር ዛፍ ከእጃቸው ወጣ። ታዲያ ለተሸካሚዋ ምን ተለወጠ? ዘበኛው። ድሮ የባላባቱ ነበር፣ ኋላ የመንግሥት ሆነ። ሸክሟን የሚቀማ፣ ገንዘብ ካልሰጠሽ አታልፊም የሚል፣ ከዚያም አልፎ ሴትነቷን የሚደፍር በሁለቱም ዘመን አልጠፋም። ዛፉ ባለቤት ሲለዋውጥ እሷ ግን ሌባ ተብላ ቀረች፤ ምሳውን የሚበላው ከተሜ ግን ሌባ አልተባለም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሸክሙን የተዉ ሴቶች እንጦጦ ሥር ማኅበር አቋቁመው ሽመና ያዙ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈትም ከተሸካሚዎቹ መካከል ሥራ ያገኙ አሉ። ዛሬ የከተማው ሰው እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ወጥቶ ቡናውን ይጠጣል። ሸክሙ ግን ጨርሶ አልቀረም፤ በማለዳ ታክሲው ጡሩምባ እየነፋባቸው የአስፋልቱን ዳር ይዘው የሚወርዱ እናቶች አሁንም አሉ።