ስለ ባህል መድኃኒትና ስለ ልኩ፤ በጣና ባሕር ዳርቻ

በጣና ባሕር ዙሪያ የተቀመጠ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ጤናውን የሚፈልግበት መንገድ ሦስት ነው፤ ይኸውም ጠበል፥ ዕፅና ሐኪም ነው። ሦስቱ ተረዳድተው በኖሩበት ጊዜ ብዙ ድውይ ድኗል። ጕዳት የመጣው አንዱ ሌላውን ሲያስተውና የመድኃኒቱ ልክ ሲጠፋ ነው። የአገሩም ታሪክ ለዚህ ነገር ምስክር ነው።

ከጣና በስተ ደቡብ በሰከላ አገር የዓባይ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይ ከጻድቁ ከአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ጋራ የተያያዘ ጠበል ስለ ሆነ፥ ድውያን ከሩቅ አገር ይመጡበታል። ከባሕሩ በስተ ምሥራቅም በደራ፥ በጉማራ ወንዝ አጠገብ፥ የዋንዛዬ ፍል ውሃ ይገኛል፤ ቍርጥማትና የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው ይታጠብበታል።

የዕፅ ዕውቀት ግን በሁለት ወገን ተጠብቆ መጣ፤ በእናቶች ጓዳና በደብተሮች ብራና። እናቶች ለሆድ ቍርጠት ጤና አዳምን፥ ለምች ዳማከሴን፥ ለብዙ ነገርም ፌጦንና ነጭ ሽንኵርትን ያውቃሉ። ደብተሮች ደግሞ የሕመሙን ስም፥ የሚቈረጠውን ሥርና ቅጠል፥ አወሳሰዱንም በመጽሐፈ መድኃኒት ጻፉ። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. በቋንቋው ተርጕሞ አሳተመ፤ የፖሎኝ ተወላጅ የሆነው ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968ና በ1973 በሁለት ክፍል ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፀዋት አሳተመ። ነገር ግን ዐዋቂው ምስጢሩን ለልጁ እንኳ ሳይገልጥ ስለሚሞት፥ ከብራናው ውጭ የነበረው ዕውቀት ብዙው ከባለቤቱ ጋራ ተቀብሯል።

ነገሥታቱም በጠበልና በዕፅ ቢታመኑ ሐኪምን አልናቁም። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ ወደ ምስር ልከው ሐኪም አስፈለጉ፤ ፈረንሳዊው ፖንሴም በሐምሌ 1691 ዓ.ም. ጐንደር ገባ። ከርሱ በኋላ የመጣው እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በቍስቋም፥ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት፥ በፈንጣጣ የታመሙትን ሲያስታምም በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ፤ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤም አሳጠበው። ዕጣንና ከርቤ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ እንግዳ የሆነው ነፋስ እንዲገባ ማድረጉ ነው።

ይኸው ብሩስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ሥዕል ለአውሮፓ ሰዎች አሳየ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ከትሉ ለመገላገል የደረቀውን የኮሶ አበባ ወቅጦ፥ በውሃ በጥብጦ፥ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር፤ በዚያም ቀን ከቤቱ አይወጣም። በኋላ በቍስጥንጥንያ የነበረ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ኀይሉን መርምሮ አስታወቀ። በ1864ም ኮሶ በእንግሊዝ መንግሥት የመድኃኒት መዝገብ ገባ። እንግዲህ የገበሬው መድኃኒት በሎንዶን መደብር ተሸጠ ማለት ነው። ነገር ግን ኮሶ መራራነቱ ብቻ አይደለም አስቸጋሪው፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ዓይንን ያጠፋል፥ ነፍስንም ያሳልፋል፤ ለነፍሰ ጡርም ከቶ አይሰጥም። ስለዚህ ልኩን የሚያውቅ ጠፍቶ ዛፉ ብቻ ቢቀር፥ የቀረው መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው።

እንዶድም እንዲሁ ነው። እናቶች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ልብስ የሚያጥቡበት ፍሬ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ መርምሮም የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን አስረዳ። ቢልሃርዝያ የጣናን ዳር ሰው ያስቸገረ በሽታ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር ለዚህ አገር ቅርብ ነው። ሆኖም እንዶድ በብዛት ቢጨመር ዓሣውንም ይገድላል፤ ባሕሩ እንዲጠራ ተብሎ የዓሣ አጥማጁ እንጀራ እንዳይጠፋ በዚህም ልክ ያስፈልጋል።

ዕፁ የሚገኝበትን ስፍራ የጠበቀችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዐት ማረስ ስለ ተከለከለ ደኑ ቀረ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጐንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምሮ 168 ዐይነት ዛፎች፥ ቍጥቋጦዎችና ሐረጎች አገኘ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ የቀሩት ዕፀዋት የተጠለሉት በአጥሩ ውስጥ ነው። እንግዲህ በደብሩ ቅጥር አንድ ዛፍ የሚቈርጥ ሰው ማገዶ ብቻ ቈረጠ አይባልም፤ ስሙና ጥቅሙ ገና ያልተጻፈ መድኃኒት አጥፍቶ ሊሆን ይችላል።

በቅርቡ ዘመን ግን ከሁሉ የከፋው ጕዳት በጠበል ስም መጣ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በመጣ ጊዜ አያሌ ሕሙማን ጠበሉን ይዘው ኪኒኑን ጣሉ፤ ሞትም ተከተለ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መጠመቅና መድኃኒቱን መዋጥ እንደማይቃረኑ አስተማሩ። ትምህርቱም አዲስ አይደለም፤ በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ሐኪምም ከምድር የሚገኝ መድኃኒትም የተከበሩ ናቸው።

ስለዚህ ካህኑ ድውዩን ሲያጠምቅ ኪኒንህን አትተው ቢለው፥ ሐኪሙም ምን ዕፅ ጠጥተህ መጣህ ብሎ ሳይቈጣ ቢጠይቀው፥ ዐዋቂውም ልኩን ለተተኪው ቢያስተምር፥ ድውዩ ይተርፋል። ቀድሞ በዚህ ዳርቻ የነበረውም በጎ ነገር ለልጅ ልጅ ይቈያል።