ማንም ያልደረሰበት ኮከብ እንዴት ይመዘናል?

«ሲሪየስ የተባለው ኮከብ ክብደቱ የፀሐይን ሁለት እጥፍ ነው» የሚል ስታነቡ፣ «ማን ሄዶ መዘነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ማንም አልሄደም፤ የሚደርሰን ብርሃኑ ብቻ ነው። ቁጥሩ ግን እንዲሁ የተገመተ አይደለም። በሌሊቱ ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ የሚደምቀውን ይህንኑ ሲሪየስን እስቲ እንመልከት።

1. ርቀት፦ በጨለማ የሚታይ መብራት የቅርብ ሻማ ወይም የሩቅ መኪና ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ ርቀቱ መታወቅ አለበት። ጣታችሁን ዘርግታችሁ በአንድ ዓይን፣ ቀጥሎም በሌላው ብታዩት፣ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የለወጠ ይመስላል። ምድርም ፀሐይን ስለምትዞር፣ በስድስት ወር ልዩነት ኮከቡን ከሁለት የተራራቁ ቦታዎች እናየዋለን። ይህ ፓራላክስ ይባላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሴል እ.ኤ.አ. በ1838 የ61 ሲግኒን ርቀት ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከርቀቱና ወደ እኛ ከሚደርሰው ብርሃን ተነሥተን ስናሰላ፣ የሚያመነጨው ብርሃን የፀሐይን 25 እጥፍ ያህል ነው።

2. ሙቀት፦ ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ነጭነት ይሄዳል። የከዋክብትም ቀለም እንደዚሁ ሙቀታቸውን ይናገራል። የሲሪየስ ገጽ 9,900 ኬልቪን ያህል ሲሆን የፀሐይ 5,800 ያህል ነው። ብርሃኑ ወደ ኅብረ ቀለማት ሲከፈል የሚታዩት ጥቁር መስመሮች ደግሞ በኮከቡ ውስጥ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ያሳያሉ። ለዚህ መሠረት የጣሉት ኪርሾፍና ቡንሰን ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1859 ነበር።

3. መጠን፦ ሙቀቱ ከታወቀ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገጽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ ይታወቃል። ጠቅላላውን ብርሃን ለዚህ ስናካፍል የገጹን ስፋት እናገኛለን። በዚህም የሲሪየስ ዳያሜትር የፀሐይን 1.7 እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሃንበሪ ብራውንና ትዊስ በሁለት መስተዋቶች ብርሃኑን ተቀብለው፣ ከምድር የሚታየውን ስፋቱን በሌላ መንገድ ለክተዋል።

4. ክብደት፦ ቤሴል እ.ኤ.አ. በ1844 ሲሪየስ በጉዞው እንደሚወዛወዝ አስተውሎ፣ የማይታይ ጓደኛ ኮከብ እየሳበው እንደሆነ ተናገረ። አልቫን ግርሃም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1862 ያን ጓደኛ በቴሌስኮፕ አየው። ሁለቱ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ይዟዟራሉ። ከዙሩ ጊዜና ከመካከላቸው ካለው ርቀት የሁለቱ ድምር ክብደት ይገኛል፤ እርሱም ከፀሐይ ሦስት እጥፍ ጥቂት ይበልጣል። ከጋራ ማዕከላቸው የሚርቁበት ልክ ድርሻቸውን ይለያል፦ ሲሪየስ ሁለት እጅ፣ ጓደኛው አንድ እጅ።

እንግዲህ የብርሃኑ፣ የመጠኑና የክብደቱ ስሌት በርቀቱ ላይ እንደቆመ ልብ በሉ። ርቀቱ በ10 በመቶ ቢሳሳት የብርሃኑ ስሌት በ20 በመቶ፣ የክብደቱ በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳታል። ጓደኛ የሌለው ኮከብ ደግሞ ክብደቱ በአብዛኛው የሚገመተው ጓደኛ ካላቸው መሰሎቹ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ስለዚህ ወደፊት ስለ አንድ ኮከብ ቁጥር ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ርቀቱ እንዴት ተለካ? ጓደኛስ አለው? መልሱ ቁጥሩን ምን ያህል ልታምኑት እንደምትችሉ ይነግራችኋል።