ለሳሎን ቲቪ ድምፅ የሌለውና መብራት የማይፈጅ መሣሪያ እንዴት እንምረጥ?

ደርሱ ፍላሽ ላይ፣ የኒካሑ ቪዲዮ የእህት ስልክ ላይ፣ ከካሴት የተገለበጠው የአባት መንዙማ ደግሞ ሥራ ባቆመ ላፕቶፕ ውስጥ። የብዙ ቤተሰብ ቅጂ የሚገኘው እንዲህ ተበታትኖ ነው። በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሳ እንደታየው ደግሞ፣ ዕቃ በጥድፊያ በሚታሰርበት ቀን መጀመሪያ የሚጠፋው ካሴትና ፍላሽ ነው። ቲቪ ላይ ለማየት ሲፈለግ ፍላሹ ካልተገኘ ዩቲዩብ ይከፈታል። በቂርኣት የጀመረ ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምን እያየ እንደሚገኝ ወላጅ ያውቀዋል።

ፋይሉን ሁሉ አንድ ቦታ አስቀምጦ በቤቱ ዋይፋይ ለየቲቪው የሚያደርስ ትንሽ መሣሪያ ይህን ችግር ይፈታል። ፋይሉ ከቤት ስለማይወጣ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይበላም፤ መስመር ቢቋረጥም ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ይሠራል። ጥያቄው የትኛውን እንግዛ ነው።

በወሎ ሰፈር የኪራይ ቤቶች ሳሎን ብዙ ሥራ አለበት። ማታ ፍራሽ ተዘርግቶ ከደሴ የመጣ እንግዳ ይተኛበታል፣ ሌሊት ይሰገድበታል፣ ረመዷን ሲሆን ሱሑር ይበላበታል። ቀን የማይሰማ የማራገቢያ ድምፅ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ጆሮ ይበሳል። የመርካቶ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ድምፁን መለካት ደግሞ አይቻልም፤ ግርግሩ ሁሉንም ዕቃ ፀጥተኛ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሻጩን «ድምፅ አለው ወይ?» ከማለት «ውስጡ ማራገቢያ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅና ክዳኑን አስከፍቶ ማየት ይሻላል።

መብራቱን በቁጥር እንየው። አሮጌ ዴስክቶፕ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ እንኳ 60 ዋት ያህል ይወስዳል። ሌት ተቀን ሲበራ በወር 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 8 ዋት የሚወስድ ትንሽ መሣሪያ በዚያው ወር 6 እንኳ አይሞላም። የመብራት ታሪፋችን በእርከን የተከፈለ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ያ ዴስክቶፕ ብቻውን ይህን እርከን ሊጨርሰው ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ፍሪጁና ምጣዱ ገና አልተቆጠሩም። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መሆኑ ሲታሰብ «ቤት ያለውን ኮምፒውተር ልጠቀም» ማለት ቁጠባ ይመስላል እንጂ ቁጠባ አይደለም። ኢስራፍ ውሃ በማፍሰስ ብቻ አይደለም።

ከመግዛት በፊት ግን ጭራሽ ላያስፈልገን እንደሚችል እናስብ። አንድ ቲቪ ብቻ ያለው ቤት ሃርድ ዲስኩን በቀጥታ ቲቪው ላይ ቢሰካ ይበቃዋል። ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ፣ የብዙ ቲቪ ዩኤስቢ መሰኪያ የሚሰጠው ኃይል 2.5 ዋት ገደማ ስለሆነ አንዳንድ ሃርድ ዲስክ መነሳት ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም የሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ሁለት ቲቪ ወይም ብዙ ተመልካች ካለ ሰርቨር ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቲቪው የፋይሉን ዓይነት የሚያውቀው ከሆነ ሰርቨሩ ሥራው ማቀበል ብቻ ነው፤ ለዚህ በጣም ደካማ መሣሪያ ይበቃል። ቲቪው ካላወቀው ግን ሰርቨሩ እያጫወተ ፋይሉን መቀየር አለበት። ያኔ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ያሉንን ፋይሎች በፍላሽ ቲቪው ላይ እንሞክራቸው። ኤች 264 የሚባለው ዓይነት በኤምፒ 4 ከሆነ የማያጫውተው ቲቪ ብርቅ ነው። ኤች 265 ግን ቆየት ባሉ ቲቪዎች ላይ እምቢ ይላል። የማይሠሩት ጥቂት ከሆኑ በላፕቶፕ አንድ ጊዜ ቀይሮ ማስቀመጥ ትልቅ ማሽን ከመግዛት ይረክሳል።

ሁሉም ፋይል ቲቪው ላይ ከሠራ ራስበሪ ፓይ 4 ይበቃል። ከ3 እስከ 7 ዋት ብቻ ይወስዳል፤ ሙቀት በሚያወጣ የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ከገባ ያለ ማራገቢያ ይሠራል። አዲሱ ፓይ 5 ይበልጥ ስለሚሞቅ ብዙ ጊዜ ማራገቢያ ይፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ አዲስ በመሆኑ ብቻ አልመርጠውም። ፋይል መቀየር የግድ ከሆነ የኢንቴል ኤን 100 ፕሮሰሰር ያለው ሚኒ ፒሲ የተሻለ ነው። ሥራ ሲፈታ ከ6 እስከ 10 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ ቪዲዮ የሚቀይር ክፍል አብሮት አለ፣ ማራገቢያ የሌለው ዓይነትም ይገኛል። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ትንንሽ የዴልና የሌኖቮ ኮምፒውተሮችም መጥፎ አይደሉም፤ ማራገቢያቸውን ከአቧራ ማጽዳት ግን ግድ ነው።

ስማቸው የማይታወቅ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶችን ግን እንጠንቀቅ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በጁን 2025 እንዳስጠነቀቀው፣ አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ባድቦክስ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ተጭኖባቸዋል።

ዲስክን በተመለከተ፣ ኤስኤስዲ ፍጹም ድምፅ የለውም። በጀት ካልፈቀደ የላፕቶፕ መጠን ያለው 2.5 ኢንች ዲስክ ከትልቁ 3.5 ኢንች ይልቅ ፀጥተኛና ቆጣቢ ነው። በመደበኛ የኤምፒስሪ ጥራት የአንድ ሰዓት ደርስ 58 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ አንድ ቴራባይት ከ17 ሺህ ሰዓት በላይ ይይዛል። ከዲስኩ መጠን ይልቅ ቁጥሩ ያሳስበኛል፤ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ቅጂ ይዞ ከመሣሪያው ተነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። መብራት ድንገት ሲጠፋና ሲመለስ የመጀመሪያው ተጎጂ ዲስክ ነው፤ በፓይ ላይ ደግሞ ሜሞሪ ካርዱ። አነስተኛ ዩፒኤስ ለራውተሩም ለመሣሪያውም ያገለግላል። ሚኒ ፒሲ ስንገዛ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ማስተካከያው ላይ ማስደረግ አለብን፤ ፓይ ይህን በራሱ ያደርጋል።

ለፕሮግራሙ ጄሊፊንን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ የኢንተርኔት አካውንትም አይጠይቅም። ፕሌክስ ያምራል፤ ግን አካውንቱን በኢንተርኔት ስለሚያረጋግጥ መስመር በሚጠፋበት ቀን ሊያስቸግር ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው። ዲኤልኤንኤ የሚባለው ቀላል መንገድ በብዙ ቲቪ ላይ አለ፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም። በአንድ ግቢ ከጎረቤት ጋር ዋይፋይ የምንጋራ ከሆነ የሴቶች ክፍል የኒካሕ ቪዲዮ በጎረቤት ቲቪ ዝርዝር ውስጥ ይታያል። ያ ቪዲዮ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሒጃባቸውን አውልቀው የተቀረጹ የእንግዶች አማና ነው። በጄሊፊን ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት፣ የትኛውን ማህደር ማን እንደሚያይ መወሰን ይቻላል። ለልጆች የቂርኣቱንና የነሺዳውን ማህደር ብቻ መክፈት፣ የሰርጉን ለእናት ብቻ መተው ማለት ነው። ዲኤልኤንኤ ካልተፈለገ መዘጋቱን፣ ሰርቨሩም ከቤት ውጭ በኢንተርኔት እንዳይከፈት መደረጉን መሣሪያውን የሚገጥምልንን ልጅ ከመሸኘታችን በፊት ፊታችን ያሳየን።