ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ (1885–1972 ዓ.ም.)

የጦር አዝማች፣ አገረ ገዥና ዲፕሎማት። በ1924 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ሆኑ። መሬታቸውን ለጭሰኞች በመስጠታቸው «ቀዩ ራስ» ተብለዋል፤ ለመስፍን ዘር ብርቅ ስም ነው።

ለደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ አለቃም ባልደረባም ነበሩ። ቢቸና አካባቢ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩት ሐዲስ፣ ጣሊያን ሲወር ከማስተማር ሥራቸው ተነሥተው በራስ እምሩ ጦር ሽሬ ዘመቱ። ጦሩ ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ አፈገፈገ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበበ። ሁለቱም ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። የማዕረጉን ርቀት ያጠበበው ይህ መከራ ይመስላል።

ከነፃነት በኋላ ሁለቱም በውጭ አገር ኢትዮጵያን ወክለዋል። ሐዲስ የዘመቻውን ታሪክ «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውት፣ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።