የማንመርጣቸው ፕሬዚዳንቶች

መዘዞ ብርድ ነው። ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚታጠፈው መንገድ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጋቢ ደርቦ ምድጃ መጠጋት ነው። ልጅ እያለሁ እኛ ቤት ምሽት የሚቆጠረው በሬዲዮ ነበር። መጀመሪያ የጀርመን ድምፅ፣ 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ። አጎቴ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የሬዲዮኗን አንቴና በሽቦ አስረዝመው በመስኮት ያወጡና ድምፁ ሄድ መጣ ሲል ሽቦውን በእጃቸው ይዘው ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት ያሳለ ልጅ ወዮለት!

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ኦባማና ማኬይን በተፋጠጡበት ሰሞን፣ ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ መምህር በየማታው እኛ ቤት ያመሹ ነበር። ጋሼ የለየላቸው የኦባማ ደጋፊ ናቸው። መምህሩ የማንም ደጋፊ አይደሉም፤ ሥራቸው ጋሼን መቃወም ነው።

«ጥቁር ሰው እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ የእኛም ነገር ይታያል» ይላሉ ጋሼ።

«ይቀመጥ እንጂ! መጥቶ ገብስህን አያጭድልህ» ይላሉ መምህሩ።

ያኔ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም። የምርጫ ካርድ የሌላቸው፣ አሜሪካን በካርታ እንጂ በእግራቸው የማያውቋት ሁለት ሰዎች ስለ ሴኔትና ስለ ኮንግረስ እንቅልፍ አጥተው የሚከራከሩት ለምንድን ነው? ዛሬ በየቲክቶክ ላይቩ «ትራምፕ ይሻላል»፣ «ባይደን ነው ያጠፋን» እየተባባልን የምንሰዳደበውስ? «ሥራ ፈትነት ነው» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ነገሩ ታሪክ አለው ባይ ነኝ።

ጨርቁ ቀደመ

ከአሜሪካ ጋር ያለን ነገር የተጀመረው በፖለቲካ ሳይሆን በጨርቅ ነው። እ.አ.አ. በ1903 መጨረሻ፣ በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር ከጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባና ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አሜሪካኖቹን እዚህ ድረስ ካመጧቸው ነገሮች ዋናው እኛ አቡጀዲ የምንለው ዓይነት ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ከስኪነር ቀድሞ ገብቷል፤ ነጋዴው ይሸጠዋል፣ ሕዝቡ ይለብሰዋል። የሠራውን አገር ማን እንደሚያስተዳድረው ለመጠየቅ ግን ምክንያት አልነበረም።

ምክንያቱ የመጣው በጦርነት ነው። እ.አ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገለልተኝነት ሕግ የሚባለውን ፈረሙ። ሕጉ አሜሪካ ለሚዋጉ አገሮች፣ ለወራሪውም ለተወራሪውም፣ መሣሪያ እንዳትሸጥ የሚከለክል ነው። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ጣሊያን የራሷ መሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። ለሁለት የተከፈለ እኩል ክልከላ አንዱን ብቻ ባዶ እጁን አስቀረ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ያለፈው በእኛው በጣርማበር በኩል ነው። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት የሸዋን ገደል ሲሻገር ያየነው፣ ስሙን ሳናውቀው፣ ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ግን ሌላም ነገር ነበር፤ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ እሱ ነው። እኛ ስለ አሜሪካ ባልተከራከርንበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ተራ ሰዎች ስለ እኛ ይከራከሩ ነበር። በኒውዮርኩ ሃርለም ጥቁሮቹ በየቤተ ክርስቲያኑና በየአደባባዩ ስለ ኢትዮጵያ ይሰበሰቡ፣ ገንዘብ ያዋጡ፣ እንዝመት ይሉ ነበር። በሰኔ 1935 (እ.አ.አ.) ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ሲዘርረው ብዙዎቹ ያዩት እንደ ቦክስ ብቻ አልነበረም፤ የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦርነት ቀድሞ የተጀመረ ያህል ነበር። የቺካጎው ፓይለት ጆን ሮቢንሰን ደግሞ በወሬ አልረካም፤ መጥቶ በትንሿ አየር ኃይላችን ውስጥ አገለገለ። በዋሽንግተን ሕክምና የተማረው መላኩ በያን እ.አ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲመሠርት የሰበሰበው እነዚህን ሰዎች ነው። ያ የሃርለም ሰው ኢትዮጵያን አያውቃትም፣ ድምፅም አይሰጥባትም። ስለ ኢትዮጵያ ሲጮህ ግን በገዛ አገሩ ስለተነፈገው ክብርም እየጮኸ ነበር።

ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ድምፁ ቀንሶ የሚሰማ ሬዲዮ

ከነፃነት በኋላ አሜሪካ ቤተኛ ሆነች። እ.አ.አ. በ1953 የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ አስመራ ላይ የቃኘው ጣቢያ ተስፋፋ። በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። የሚገርመው፣ አሜሪካን አጥብቆ የተቃወመው ተማሪ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጣው ነው። ቬትናምን ያወገዘው፣ ቃኘው ይዘጋ ያለው እሱ ነው። አሜሪካን ማውገዝ ግን የሚደግፋትን ዙፋን ማውገዝም ነበር። ንጉሡን በስማቸው መንካት የሚያስፈራው ሰው «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ማለት ይችላል።

በ1977 የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ምክንያት ወታደራዊ ዕርዳታ ቀነሰ። ደርግ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቃኘውን ዘግቶ አሜሪካኖቹን አስወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.አ.አ. መስከረም 1982፣ የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ መናገር ጀመረ። በር ተዘግቶባት በመስኮት ገባች ማለት ነው። ጋሼ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ። «ሬዲዮኗን ከጋቢ ሥር አድርገን፣ ጆሯችንን ለጥፈን ነው የምንሰማው። ቀበሌ ከሰማ አለቀልህ» ይሉናል።

መንግሥት ተለወጠ፤ ሬዲዮኗ ከጋቢ ሥር ወጣች። ክርክሩ ግን ከመዘዞ ወደ ዋሽንግተን እንጂ ወደ አራት ኪሎ አላቀናም። ለምን? ቁጥሩን እንይ።

መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙ በተከበረ በሦስተኛው ሳምንት፣ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት «ኤች አር 2003» የሚባለውን ሕግ አሳለፈ። የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የደረሰውን በደል ተከትሎ ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ዕርዳታ ላይ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ረቂቅ ነው። ዳያስፖራው ሰልፍ ወጣ፣ ደብዳቤ ጻፈ። መንግሥታችን በበኩሉ አግባቢ ድርጅት ቀጠረ። ረቂቁ ሴኔት ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። እኛ ቤት ያ ወቅት የሕገ መንግሥት ትምህርት ነበር ብላችሁ አልዋሸሁም። ንዑስ ኮሚቴ ምን እንደሆነ፣ አንድ ሕግ በአንዱ ምክር ቤት አልፎ በሌላው እንዴት እንደሚሞት፣ አንድ ሴናተር ብቻውን ምን ያህል ነገር ማዘግየት እንደሚችል፣ ሁሉንም እዚያ ምድጃ ዳር ሰማሁ። ጋሼ የፔይንን ስም ያውቃሉ። የራሳቸውን የምርጫ ክልል ተወካይ ስም ስጠይቃቸው ግን ወደ መምህሩ ዞሩ፤ መምህሩም ወደ ምድጃው።

አትፍረዱባቸው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ወሰዱ። በ2007 ሁሉንም። መቶ በመቶ! እንዲህ ባለ ፓርላማ ማን ለማን ድምፅ ሰጠ ብሎ የሚከራከር ሰው በምን ላይ ይከራከራል? ውጤቱ የታወቀ ኳስ አይታይም። አሜሪካ ግን ኳሱ ገና ሜዳ ላይ ነው። በመጋቢት 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር ያመሳሰሉት፣ ሥርጭቱ እንዲታፈን ለማድረግ ዝግጅት መኖሩንም ያመኑት፣ ይህች አንድ ሰዓት ለክርክር የቀረች ሜዳ ስለነበረች ይመስለኛል።

ከዚያ ኦባማ መጡ። ሐምሌ 2007 አዲስ አበባ ላይ፣ መቶ በመቶ ካሸነፍን ብዙም ሳይቆይ፣ የኢትዮጵያን መንግሥት በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ሲሉ ጠሩት። ጋሼ ያን ቀን ሬዲዮኗን አጠፏት። መምህሩ ሊስቁባቸው ይችሉ ነበር፤ ሰባት ዓመት የጠበቁት ድል ነበር። አልሳቁም። «በል ተወው፣ ቡናው ይቅረብ» ብቻ አሉ።

ግድቡ፣ ቦንዱና ቨርጂኒያ

ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስልክ እጃችን ገብቷል። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዶናልድ ትራምፕ ስለ ሕዳሴው ግድብ ሲናገሩ ግብፆች ያፈነዱታል አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አምባሳደሩን ጠርተው ማብራሪያ ጠየቁ። መዘዞ ላይ ደግሞ አክስቴ፣ ፖለቲካ የሚባል ነገር አፏ ገብቶ የማያውቀው፣ ከሳጥን የቦንድ ወረቀቷን አውጥታ አየችው። በ2017 ትራምፕ ግድቡን የሠራው የአሜሪካ ገንዘብ ነው ማለት ሲጀምሩም «የኔ እንቁላል አሜሪካ ሆነ?» አለች፤ ቦንዱን የገዛችው እንቁላል ሸጣ ነው። ከዚህ የተሻለ የውጭ ፖሊሲ ትንታኔ አላነበብኩም።

የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። የባይደን መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣ፤ ከጥር 2022 (እ.አ.አ.) ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ የሐዋሳ ፋብሪካዎች ተጎዱ። «በቃ» የሚለው ዘመቻ ጎዳናውንም ስልኩንም ሞላው። በኅዳር 2021 (እ.አ.አ.) ቨርጂኒያ ላይ ለዓመታት ዴሞክራት ሲመርጡ ከኖሩ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን መካከል ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የቀሰቀሱ ነበሩ። እዚያ ያለው የአክስት ልጅ ድምፅ ይሰጣል፣ እዚህ ያለው በስልክ ይመክረዋል። ሃርለም ተገልብጣ መጣች ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ለአንዲት ኢትዮጵያ ይጮህ ነበር። እኛ ግን ዋሽንግተን አደባባይ ላይ እርስ በርሳችን ነው የተጯጯህነው።

3 ሰዓት ላይ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ከቤት ሰው ጋር የማወራው መስመር ሲገኝ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተሳክቶልኝ «እንዴት ናችሁ? ወሬ ከየት ትሰማላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከጥንቱ» አሉ ጋሼ። ሬዲዮኗ ከቆጥ ወርዳለች። ሽቦው በመስኮት ወጥቷል። በራሳቸው ክልል፣ በራሳቸው ወረዳ የሆነውን ለማወቅ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከዋሽንግተን ይጠብቃሉ።

ከዚያ ጥቅምት 2017 ላይ ፔንሲልቬንያ ድምፅ ሰጠች፤ ትራምፕ ተመለሱ። በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12፣ የውጭ ዕርዳታ እንዲቆም ፈረሙ። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። መጋቢት 6 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ቢሯቸው እንዳይገቡ ተደረገ። በ43ኛ ዓመቱ ዋዜማ አማርኛው ዝም አለ።

ጋሼ ባትሪው ደክሞ መስሏቸው ባትሪ ቀየሩ።

ይህን ሲነግሩኝ ምንም አላማረሩም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ስለ አሜሪካ ምርጫ ዕድሜ ልኩን የተከራከረ ሰው፣ በዚያ ምርጫ የመከራከሪያ ሬዲዮውን አጣ። መምህሩ «መጥቶ ገብስህን አያጭድልህ» ያሉት ልክ ነበር፤ ግማሹ ብቻ። አያጭድልህም፣ ግን ያደርግብሃል።

ስለዚህ «ምን አገባህ?» ለሚለው መልሴ ይኸው ነው። ያገባዋል። ጨርቁ፣ ስንዴው፣ ዲቪው፣ ቦንዱ፣ ሬዲዮው በየተራ ቤቱ ገብተዋል። የእኛ ጥፋት ስለ አሜሪካ መከራከራችን አይደለም። እዚያ የተማርነውን እዚያው ትተነው መምጣታችን ነው። የሃርለሙ ሰው ስለ ሩቅ አገር ጮኾ ሲጨርስ ወደራሱ አገር ትግል ተመለሰ። እኛስ?

ባለፈው ስንደዋወል ጋሼ አንድ ነገር ሰምተው ነበር። ዋሽንግተን ላይ ሮይስ ላምበርት የሚባሉ ዳኛ የአሜሪካ ድምፅ ወደ ሥራው እንዲመለስ አዝዘዋል፤ ነገሩ ግን በይግባኝ ተያዘ። ጋሼን የደነቃቸው የሬዲዮው መመለስ አልነበረም።

«ፕሬዚዳንቱን ነው ያዘዘው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ መንግሥቱን።»

«አንድ ዳኛ?»

«አንድ ዳኛ።»

ከኋላ የመምህሩ ድምፅ ተሰማኝ፤ አርጅተዋል፣ ግን መቃወም አልተዉም። «ስሙን ያዝከው አይደል?» አሏቸው። «በል አሁን የኛን ወረዳ ዳኛ ስም ንገረኝ።»

መስመሩ ላይ ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ጋሼ «ነገ እጠይቃለሁ» አሉ።